ለክንዴ የሚሆን ቀስት

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5፣ ከ/ሰዓት

ክንዴ ጠቁሯል። የከማል ቀስት ገመድ ነው የገረፈኝ። ለባሌ ቁመት የተለካ ቀስት ለኔ ይረዝማል። የቀስት ክለቡ ውስጥ ሁሉም አዩ፣ አንድም ሰው አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስገባ ሰይድ ደወለ። የከማል ታላቅ ወንድም፣ ካናዳ ያለው። በየሴፕቴምበሩ ኤልክ ያድናል፣ በቀስት። ኤልክ ማለት ማስታወሻዬ፣ ፈረስ የሚያህል አጋዘን ነው። ዘንድሮ ከማልን ሊወስደው ነበር። ከማል ግን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ ትከሻው ተጎዳ፣ ሐኪሙም ዘንድሮ ቀስት እንዳትነካ ብሎታል። ስለዚህ ሰይድ ቦታውን ለጓደኛው ሊሰጥ ነው።

እኔ ልምጣ አልኩ።

 ሳቀ። አንቺ ከኑሪያ ጋር ቋንጣውን ብትዘለዝዪ ይሻልሻል አለኝ። ኑሪያ ሚስቱ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት ሄደን የሠራነው እሱን ነው። ወንዶቹ ጫካ፣ እኛ ጋራዥ ውስጥ ቢላ ይዘን። ሥጋውን አየሁ። እንስሳው በእግሩ ቆሞ አላየሁትም።

ዘንድሮ አልዘለዝልም።

እሑድ፣ ኤፕሪል 6

ሰይድ መልሶ ደወለ። ሲያስበው አድሯል መሰለኝ። ስልሳ ፓውንድ ከሳብሽ እወስድሻለሁ አለ፤ ከዚያ በታች የልጅ መጫወቻ ነው። ፓውንዱ ገመዱ የሚጠይቀው ጉልበት ነው። ክለቡ ያዋሰኝ ቀስት ሠላሳ አምስት ነው።

እሺ አልኩት። አንቱ እያልኩ፣ በትሕትና፣ ጥርሴን ነክሼ። የወሎ ሰው ታላቁን አንቱ ማለት አይተውም። መልስ መስጠትም አይተውም።

ታውስዞርግ፣ የቤት ለቤት እንክብካቤ፣ ስሠራ ስንት ዘመኔ። በየቤቱ አዛውንት አንስቼ አስቀምጫለሁ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ። ይሄን ክንድ ደካማ የሚል ይምጣ።

ኢማን ደወለች። ደንሃግ የምትማረው ልጃችን፣ ሥጋ ካቆመች ቆይታለች። ነገርኳት። «ማማ፣ ቤን የ ኸክ? አንቺ ልትገድዪ?» አይ አላበድኩም፣ አዎ ልገድል ነው አልኳት። ተኮራረፍን።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12

አምስተርዳም፣ የቀስት ሱቅ። ከማል አብሮኝ መጣ። ሻጩ የሚያወራው ለሱ ነው። ሚስትህ ስፖርት ትሠራለች? ሚስትህ ለመዝናኛ ነው? ከማል «እሷን ጠይቃት እንጂ፣ አፍ አላት» አለው። ወደድኩት። ያገባሁትን ሰውዬ አንዳንዴ አገኘዋለሁ።

ሐምራዊ ቀስት አወጣልኝ። መለስኩለት።

ከዚያ ዓይኔን ለካ። በሁለት እጄ ቀዳዳ ሠርቼ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት እንዳይ፣ አንዱን ዓይን እንድጨፍን አደረገኝ። የሚያነጣጥረው ግራው ሆነ። ለካ እስከ ዛሬ በባዕድ ዓይን ነው የምወረውረው! የግራ ቀስት ያስፈልግሻል አለ፤ በቀኝ ተይዞ በግራ የሚሳብ። ይሁን። ቀኙ ይብላ፣ ግራው ይሳብ።

ኮምፓውንድ የሚሉት ቀስት ጫፍና ጫፉ ላይ መዘውር አለው። መጀመሪያ ይከብዳል፤ መጨረሻ ላይ መዘውሩ ዞር ሲል ሸክሙ ይቀላል፣ ያኔ ይዘሽ ማነጣጠር ነው። መሃል ያለው ግን… መሃሉ ዳገት ነው። ሻጩ አርባ አምስት ሞክሪ አለኝ። አልሞክርም። ስልሳ የሚደርሰውን ስጠኝ። ትከሻውን ነቀነቀ፣ ለሙከራ ወስደሽ መልሺው አለ።

ባቡር ውስጥ ረጅሙን ቦርሳ ሰው ሁሉ ያየዋል። አንዲት አሮጊት ምን መሣሪያ ነው የምትጫወቺው አለችኝ። ክራር ልላት ምንም አልቀረኝ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15፣ ከሥራ በኋላ

ሳብኩት!!

ኮሪደሩ ላይ። ፍላጻ የለም፤ ያለ ፍላጻ ደግሞ መልቀቅ ክልክል ነው፣ ቀስቱ ይሰበራል። ሳብኩ፣ ቀስ ብዬ መለስኩ። እንዴት ሳብሽ ካልሽኝ፣ ወደ ኮርኒሱ አንስቼ፣ ጉልበቴን ሸብረክ አድርጌ፣ እንደ ምጥ አምጬ። ከማል ቪዲዮ ቀረጸኝ። የመጨረሻዋን ብቻ ቆርጬ ለሰይድ ላክሁ።

አየው። ብዙ ቆይቶ አንድ ቃል፦ ጥሩ።

ጥሩ! እንዲህ ነው እንጂ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 24

ተናድጃለሁ። እጄም ስለሚያመኝ አጭር።

ክለብ። መምህራችን ሪያ፣ ጡረታ የወጣች ሴት፣ ስስብ አየችኝ። ወንበር አመጣች። ተቀመጪ፣ እግርሽን ከመሬት አንሺ፣ ክንድሽን ሳታነሺ ቀጥ አድርገሽ ሳቢ። ግማሽ መንገድ ደርሼ ቆምኩ። እንደገና። ግማሽ መንገድ።

ይሄ ቀስት ያንቺ አይደለም አለች። ጫካ ውስጥ በብርድ ተቀምጠሽ ቆይተሽ፣ ክንድሽን ወደ ሰማይ ስትወረውሪ እንስሳው አይቶሽ ይሄዳል። ባይሄድ ደግሞ የባሰ ነው፤ እየተንቀጠቀጥሽ ትለቂና ሆዱን ትወጊዋለሽ።

ኤልክ አድነሽ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። አላውቅም አለች፣ የተንቀጠቀጠ ክንድ ግን አውቃለሁ።

ደህና ዋሉ ሳልል ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 26፣ የንጉሥ ቀን

ሮተርዳም ለንጉሡ ልደት ብርቱካናማ ለብሳለች። ሰፈሩ ሁሉ አሮጌ ዕቃውን መንገድ ላይ ዘርግቶ ይሸጣል። እኔ ሶፋ ላይ ነኝ። ትከሻዬ አይነሳም። ሹራብ የማወልቀው በከማል እርዳታ ነው፣ እሱ በአንድ እጅ፣ እኔ በአንድ እጅ። ሁለት ሰው፣ ሁለት ደህና ክንድ። መጀመሪያ ሳቅን።

ቀጥሎ አልሳቀም። «ለሰይድ ብለሽ ትከሻሽን አትስጪው። የኔን ወስዶታል መጋዘኑ፣ ያንቺን ደግሞ ወንድሜ?»

ለሰይድ አይደለም ብዬ ጮኽኩ። ከጮኽኩ ደግሞ እውነት አለው ማለት ነው።

ኢማን መጥታለች፣ ኩርፊያው አልፏል። ስንጨቃጨቅ ሰማች። ኤልክ መግደሌን አሁንም አትወደውም፣ ግን ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። አቁስለሽው ቢሄድ፣ ሁለት ቀን ሲሰቃይ ቆይቶ ቢሞት፣ ሐላል ነው?

 ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። በአንድ እጅ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 30፣ ደንሃግ

ኢማን ጋ ሄጄ ሁለታችንም የመስጊዱ ኡስታዝ ዘንድ ገባን። ወጣት ነው፣ ሳቂታ። ጥያቄዬን ሲሰማ መጀመሪያ በትክክል ሰማሁ ወይ ብሎ አስደገመኝ።

ፍላጻውን ስትለቂ ቢስሚላህ በይ፤ ስለቱ ይብሳው፣ በግጭት ብቻ አይሙት፤ በሕይወት ከደረስሽበት በቢላ እረጂው። ሐላል ነው። ተነሥቼ ላመሰግን ስል ኢማን የሁለቱን ቀን ነገር ጠየቀች። በአንተ ነው የምታናግረው፣ አፈርኩ፤ እሱ ግን ቅር አላለውም። ሳቁን ተወ። «እሱ ሌላ ነው። በደንብ መውጋት እየቻልሽ ሳትጠነቀቂ ያሰቃየሽው እንስሳ፣ ነገ አላህ ፊት ይጠይቅሻል።» እኔን እያየ ነው የተናገረው።

ትራም ፌርማታ ላይ ኢማን እጄን ያዘች።  

ለሰይድ ነበር። አዎ። ስልሳው ለሰይድ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሜይ 3፣ አምስተርዳም

ያው ሱቅ፣ ያው ሻጭ። ስልሳውን መለስኩና ወንበር አምጣልኝ አልኩት። ደንግጦ አመጣ። ተቀመጥኩ፣ እግሬን አነሳሁ። ሃምሳ፦ ይመጣል፣ ግን ይንቀጠቀጣል። አይሆንም። አርባ አምስት፦

መጣ። ቀጥ ብሎ፣ ያለ ድምፅ። መዘውሩ ዞረ፣ ሸክሙ ቀለለ፣ ይዤው ቆየሁ። ትንፋሼ ትክክል። ሻጩ ማውራት አቆመ።

ለኤልክ ይበቃል? ጠየቅሁት። የዛሬው ወሬ ለኔ ነበር፣ በቀጥታ። እዚያ ሕጉ ይፈቅዳል አለ። ፍላጻሽ ከባድ ይሁን፣ ጫፉ የተሳለ ምላጭ ይሁን፣ ጎኑን ሲሰጥሽ ብቻ፣ ቅርብ ሲሆን ብቻ። ሩቅ ከሆነ? ሩቅ ከሆነ አትለቂም አለ፣ ታይዋለሽ።

ጥቁር ነው። የግራ። የኔ።

ሐሙስ ክለብ እሄዳለሁ። ሪያን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዝም ብዬም ወንበሩ ላይ ብቀመጥ ይገባታል።

እሑድ፣ ሜይ 11፣ ረፋድ

 ስልኩን አሁን ነው የዘጋሁት። ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

ሰይድ ዘንድ ደወልኩ። ከማል አጠገቤ ተቀምጧል፣ አይናገርም፣ እንዳትናገር ብዬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ቀስት ገዝቻለሁ። አርባ አምስት ነው።»

«ስልሳ አልተባባልንም?»

«ተባብለናል። ያ የቪዲዮው ቀስት ላንቱ የተሳበ ነው፣ እንስሳ አይገደልበትም። ይሄኛውን ቁጭ ብዬ እስበዋለሁ። ቅርብ ካልመጣ አልለቅም። ባዶ እጄን ብመለስም ልመለስ።»

«እንግዲያው ቦታው ለጓደኛዬ ሆነ። አብሽሪ፣ አንቺ እንግዳዬ ነሽ፣ ቤት ትቀመጫለሽ።»

«ቤት አልቀመጥም ጋሼ። ቋንጣም አልዘለዝልም። አንቱ ባይወስዱኝ የሚወስደኝ እፈልጋለሁ፣ ግን እመጣለሁ።»

 ከጀርባው የሴት ድምፅ። ኑሪያ። ስልኩ ድምፁ ተለቆ ኖሮ ሁሉን ሰምታለች። ስልኩን ወሰደችው፣ መውሰዷ ይሰማል።

«ዘሃራ፣ እኔ ነኝ የምወስድሽ።»

«እንዴት?»

«ለአደን ፈቃድ የሚያስፈልገውን የአዳኞች ትምህርት ተመዝግቤያለሁ። ሰኞ ይጀምራል። ይሄን ሁሉ ዓመት በር ላይ አውርዶት የሚሄደውን ሥጋ ተቀብያለሁ፣ ከየት እንደሚመጣ አንድ ቀን ልይ እንጂ!»

ሰይድ ከኋላ፦ «መቼ ነው የተመዘገብሽው?»

«ስትስቅባት።»

ከማል አፉን በእጁ ያዘ። ሰይድ አንዴ ላ ኢላሀ ኢለላህ አለ፣ ከዚያ አበዳችሁ፣ ሁለታችሁም አበዳችሁ። አትሄዱም ግን አላለም። ጆሮዬን ጥዬ ጠበቅሁ፣ አላለም።

ኑሪያ የቀስት ነገር ምኑም አልገባትም። በየትኛው ዓይንሽ ነው የምታነጣጥሪው አልኳት። እኔ እንጃ አለች። ሁለት እጅሽን ዘርጊ፣ መሃሉ ላይ ቀዳዳ ሥሪ፣ ግድግዳ ላይ ያለ ነገር እይበት። ስልኩን አስቀምጣ ስትሞክር ሰይድ እንደዚህ አይደለም፣ ጠበብ አድርጊው ሲላት ሰማሁ።

ስለዚህ፦ ሴፕቴምበር። እኔና ኑሪያ። የዓመት ፈቃዴን ነገ እጠይቃለሁ፣ እምቢ ካሉም

ከማል በር ላይ ነው። ዒላማውን በደህናው እጁ ይዟል፣ ክለቡ ሊከፈት ነው ይላል። ሄድኩ