በአደጋ ጊዜ መውጫ በራችን ላይ ስለተደረደሩት በርሜሎች የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የአካባቢ ጥበቃና የሥራ ቦታ ደህንነት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ መስኮቱ በሚከፈት፣ አየሩም በማይከረፋ ቢሮዎ ውስጥ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በቀለም ፋብሪካው የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ ስሆን፣ ጽሕፈት ቤትዎ የፋብሪካችንን ቆሻሻ ለሚያነሣው ተቋራጭ “የዓመቱ አርአያ” የሚል የምስክር ወረቀት መስጠቱን በሰማሁ ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ብቻዬን ይዤው ብቀመጥ እንዳይበላሽብኝ ሰግቼ፣ በአደባባይ ልገልጽልዎ ተነሣሁ።

አንደኛ፣ የተቋራጩን ጨዋነት ላመስግን። እኛ ሠራተኞች “እንግዳው” እንለዋለን፤ ቤተኛ ላለመሆን በጣም ስለሚጠነቀቅ ብቅ የሚለው ከስንት አንዴ ነው። የቀለም ማቅጠኛና የአሲድ ትራፊ የያዙትን በርሜሎች ጭኖ መውሰድ ሲገባው፣ ሰዎቹ ጓሮ በኩል በአደጋ ጊዜ መውጫው በር ላይ ደራርበዋቸው ይሄዳሉ። ለሥራ አስኪያጃችን ስናመለክት ጉዳዩ የተቋራጩ ነው አሉን፤ ተቋራጩ “ውሉ ያነሣል ይላል እንጂ መቼ እንደሚያነሣ አይልም” አለን፤ ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ሰውየው ፈቃድ ስላለው ቆሻሻውም ፈቃድ እንዳለው ይቆጠራል የሚል ትምህርት ቀሰምን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱን እነማን እንደያዙ አውቀናል፤ የሞኙን ቦታ ማን እንደያዘ ለመናገር ግን አክብሮቴ ይከለክለኛል።

ሁለተኛ፣ ስለላኩልን ተቆጣጣሪ። እሳቸው በመጡ ዕለት በርሜሎቹ ሸራ ለብሰው፣ በላያቸውም የአበባ ማሰሮ ተቀምጦላቸው ሙሽራ መስለው ነበር። ተቆጣጣሪው ግቢውን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ አንዱን ማሰሮ ፈቀቅ አድርገው፣ ወረቀታቸውን እዚያው በርሜል ላይ ዘርግተው “ያልተነሣ ቆሻሻ አልታየም” ብለው ጻፉ። ጠረጴዛው ንቅንቅ የማይል ስለነበር የእጅ ጽሑፋቸው እጅግ ያማረ ነበር።

ሦስተኛው እንደ ሁለቱ አያስቅምና ይታገሡኝ። ከጉብኝቱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በመቀየጫው ክፍል ከአሮጌ የመብራት ማብሪያ የተፈናጠረ ብልጭታ ማቅጠኛ የጠጣ ጨርቅ አቀጣጠለ። እኔም ባዶ ጣሳ ልወስድ ገብቼ እዚያው ነበርኩ። እሳቱ የፊቱን በር ስለያዘው ወደ ጓሮው በር ሮጠን ገፋነው፤ ክንድ የሚያሳልፍ ያህል ብቻ ተከፈተልን። ቀያጩ ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ በዚያች ክፍተት ክንዱን አሾልኮ የላይኛውን በርሜል ገፍቶ ጣለው። ክዳኑ የላላ ነበርና አሲዱ ከክርኑ እስከ ጣቱ ወረደበት። እጁን ግን አልሰበሰበም፤ ሁለተኛውንም ገፋው። ጭነቱ ሲቀልለት በሩ ተንቀሳቀሰ። በጭሱ ውስጥ የሰማሁት የእሱን ድምፅ ብቻ ነበር፤ “እሷን አስቀድሙ፣ ነፍሰ ጡር ናት” አለ። እኔን ማለቱ ነው። ሁላችንም ወጣን፤ እሱ መጨረሻ ወጣ።

ልጄ በሰላም ተወለደች። የዋርሳዬ ጣቶች ግን አልጨበጥ አሉ፤ የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት ሚስቱ ናት፤ ሕፃኗንም የሚያቅፋት በግራ እጁ ብቻ ነው። ስለ እጁ ሲጠይቁት “ታዲያ በሩን ማን ይክፈተው፣ እንግዳው?” ብሎ ይስቃል። አብሬው ልስቅ እሞክራለሁ፤ አልሆነልኝም።

አራተኛ፣ ከእሳቱ ማግስት እንግዳው ሳይጠራ መጥቶ በርሜሎቹን በግማሽ ቀን ጠራርጎ ወሰደ፤ ለካ ሲፈልግ ይችላል። ወስዶም ወንዝ ውስጥ አለቃልቆ፣ የውሃ መያዣ ብሎ ገበያ ላይ ሸጣቸው። ጎረቤቴ አንዱን ገዝታ፣ ውሃው ለምን ራስ ያዞራል ብላ ብትጠራኝ የፋብሪካችንን ምልክት ከበርሜሉ ሥር አገኘሁት። ያን ጊዜ እኛ ሠራተኞች ተመካክረን፣ በሩ ነጻ ካልሆነ፣ በርሜሎቹም ዳግም ለውሃ መያዣ እንዳይሸጡ ከአፋቸው ሥር ሳይበሱ ከግቢ የሚወጡ ከሆነ ወደ መቀየጫው አንገባም አልን። ሥራ አስኪያጁ ጥቂት ፎክረው እሺ አሉ፤ ዛሬ በሩ በአንድ ጣት ይከፈታል። ይህን ሁሉ በራሳችን ያደረግነው ጽሕፈት ቤትዎን ላለማድከም መሆኑን ይረዱልን።

እርስዎም በበኩልዎ ሳይደክሙ የእንግዳውን ፈቃድ አደሱለት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እያሉ በዚህ የሚያሙዎ አሉ። እኔ ግን በምሳሌው አልስማማም፤ የአህያዋ ባል ቢያንስ ለጅቡ የምስክር ወረቀት አልሰጠም።

ምናልባት አንድ ቀን ራስዎ ሊጎበኙን ቢያስቡ፣ እባክዎ በጓሮ በኩል ይግቡ።

ሥልጣንዎ እንዲረዝም፣ ዓይንዎም እንዲበራ እየጸለይኩ፣ ከሚያስለኝ ደረቴ ጥልቀት በመነጨ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤
የማሸጊያ ክፍሏ ታዛዥዎ

ማስታወሻ፦ አቤቱታዬን በጋዜጣ ማውጣቴ ድፍረት እንዳይመስልብዎ። አስቀድሜ በደጅዎ በተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሣጥን ውስጥ ደጋግሜ ከትቼ ነበር። መልስ ቢጠፋ የበር ጥበቃዎን ብጠይቃቸው፣ ሣጥኑን ባዶ የሚያደርገው የቢሮዎን ቆሻሻ ወረቀት የሚያነሣው ተቋራጭ መሆኑን፣ እሱም ያው አርአያው መሆኑን በትሕትና አስረዱኝ። እኛ ጋ ግን፣ አሉኝ ጥበቃው፣ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።