ጋሽ ታደሰ መኪናቸውን ሸጡ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ያቺ ጭረት የሌለባት የድሮ የአሜሪካ የቅንጦት መኪናቸው ላይ «የሚሸጥ» ብለው ከለጠፉ ወዲህ፣ በአዲስ ሲም ድምፄን አጎርንኜ «ኢንጂነር ነኝ» እያልኩ በየቀኑ እደውልላቸዋለሁ። ዛሬም ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ርዝመቷን ፈራሁ። ገርጂ ሳቆማት ጭራዋ ኢምፔሪያል አደባባይ ላይ መንገድ ይዘጋ ይሆን?»

«አይዘጋም ኢንጂነር። ጠዋት ደላላ ገዢ ይዞ መጣ፤ ተሸጠች።»

ክው አልኩ። «እንዴ! ታዲያ እኔስ?» አልኩ በገዛ ድምፄ።

ሳቁ። «አንተ አቤል፣ ከመጀመሪያው ቀን አውቄሃለሁ። ካንተ በቀር ማን ይደውልልኛል? ነገም ደውል፣ እሺ?»

እሺ አልኩ። እኔስ ከሳቸው ሌላ ለማን እደውላለሁ? ግን መኪናዋ ከሌለች ምን እላለሁ? ክፍሌን ዘግቼ «እንደምን ዋሉ ጋሼ?» እያልኩ በራሴ ድምፅ ተለማመድኩ።

የኢንጂነሩ ይሻል ነበር።