የታችኛው ጠርዝ

ጥቅምት 4

ጋዜጣውን በቀይ እስክሪብቶ አረምሁ። ዘጠኝ ስህተት፤ ሦስቱ ርእሱ ላይ። ለባለቤቴ ሳነብላት ከአልጋዋ ሆና ሳቀች።

«መምህሩ፣ አዘጋጁ አንድ ቀን ይከስሃል።»

ይክሰስ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሰዋስው ያስተማረ ሰው፣ ጡረታ ወጣ ተብሎ ዝም አይልም።

ከሰዓት በኋላ ልጃችን ከሐኪሙ ዘንድ ተመለሰች። በረንዳ ላይ አወጣችኝ። «ሳምንታት ነው ያለው፣ አባዬ። ወራት አላለም።» ከዚያ «የእማዬን ፎቶ ልይ» ብላ አልበሙን ገለጠች። እኔ ትምህርት ቤቱ በር ላይ። እኔ ከአዲሱ ብስክሌት ጋር። እኔና ልጅቷ። እንደ ገና እኔ…

«እማዬስ የታለች?»

የምታነሳው እሷ ነበረቻ! በታይፒስትነት የመጀመሪያ ደመወዟ በገዛችው ጥቁር የሳጥን ካሜራ። የተጋባነውም ተፈራርመን ነው፤ ፎቶ አንሺ አልጠራንም። የመታወቂያዋ ፎቶ ላይ ማኅተሙ ፊቷን ሸፍኖታል። አልበሙን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የእያንዳንዱን ፎቶ ታችኛውን ጠርዝ በማስመሪያና በመቀስ አስተካክዬ። አንድም የተንጋደደ የለበትም። እሷም የለችበትም።

ጥቅምት 6

ፎቶ ቤት ሄድሁ። ባለቤቱ ካሜራውን አገላብጦ አየው።

«ጋሼ፣ ይቺ ሳጥን እኮ ከእኔ ትበልጣለች።»

«በዕድሜ ነው ወይስ በሥነ ሥርዓት?»

ሳቀ። ሰፊው ጥቁርና ነጭ ፊልም ከመሳቢያው ሥር ሁለት ጥቅል ተገኘ፤ ጊዜው ያለፈበት። ሌላ የትም የለም አለኝ። የነገረኝን ሁሉ ጻፍሁ። በአንድ ጥቅል አሥራ ሁለት ፎቶ። ከሁለት ሜትር ይበልጥ መቅረብ ክልክል። ከጀርባ ባለችው ቀይ መስኮት ቁጥሩ እስኪመጣ መጠምዘዝ። ቤት ውስጥ ብርሃኑ አይበቃም። ፀሐይ ከአንሺው ጀርባ ትሁን።

ጥቅምት 9

እምቢ አለች። «ይህ ያበጠ ፊት የእኔ አይደለም፤ የመድኃኒቱ ነው።»

«ለልጅቷ ስትይ።»

«ሳጥኔን አምጣው» አለች። ብርድ ልብሱ ላይ ፊልሙን ስታጎርሰው ጣቶቿ እየተንቀጠቀጡ እንኳ አልተሳሳቱም።

«ደረትህ ላይ አስጠጋው። አንገትህን ደፋ አድርገህ ከላይ እይ። መቼም አንገት መድፋት አታውቅበትም!»

«አውቅበታለሁ።»

«ሲያልቅ ደግሞ…»

«ገብቶኛል።»

«ተማሪ እንዲህ ቢያቋርጥህ ምን ታደርገው ነበር?»

«ከክፍል አስወጣው ነበር።»

«በል ውጣ!»

ሳቅን። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባት። ሲቆምላት «ስተኛ እንዳታነሳኝ፤ ማልልኝ» አለችኝ። ማልሁ።

ጥቅምት 12

ፀሐይ። ልጃችን ደግፋ በረንዳው ላይ አስቀመጠቻት። «ቀጥ በይ» አልኋት… እንዲያ ማለት ነበረብኝ? ነጠላዋ ተጣመመ፣ አስተካከልሁ። ደመና መጣ፣ ጠበቅሁ። «ኧረ አንሳና ይብቃን፣ መምህሩ። ለፈተና አደረግኸው እኮ!» ዘጠነኛው ላይ ፈገግ አለች። አየሁት። በሳጥኑ መስታወት ውስጥ፣ ግራና ቀኙ ተገልብጦ፣ ያ የድሮው ፈገግታ።

12 ቁጥር በቀይዋ መስኮት ታየ። አነሳሁ። አለቀ። ካሜራውን እዚያው ፀሐይ ላይ ከፈትሁት።

ጥቅልሉ ከእጄ አመለጠ። ደረጃውን እየተተረተረ ወረደ። ጥቁር ወረቀትና ፊልም፣ የአንድ ሰው ቁመት የሚያህል፣ ብርሃን ላይ ተዘረጋ።

ጥቅምት 13

ባለ ፎቶ ቤቱ ፊልሙን አየና ዐይኑን ከእኔ አሸሸ። «ጋሼ፣ ከ12 በኋላ ወረቀቱ ተጠምዝዞ እስኪያልቅ አይከፈትም እኮ፤ ብርሃን ሁሉንም አጥፍቶታል… አልነገርኩዎትም?» አልነገረኝም። እሷ ልትነግረኝ ነበር።

ስመለስ ነቅታ ጠበቀችኝ። «ወጣሁ?»

«ወጥተሻል። አምሮብሻል።»

ያልኋት ውሸት ነው፤ ይህንን በገዛ እጄ እጽፋለሁ።

ጥቅምት 17

ሁለተኛውን ጥቅል አጎረስሁ። ከአልጋ መነሣት አትችልም። የመኝታ ክፍሉ ጨለማ ነው፤ መጋረጃውን ብገልጥም አይበቃም። አልጋውን በረንዳ ላይ እናውጣው አልሁ። ልጃችን «አባዬ፣ አበድክ?» አለች። እናቷ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ነበር። ካሜራውን ይዤ ግድግዳው ሥር ቆምሁ። ምዬላታለሁ። አላነሳሁም።

ፈጣሪ ሆይ፣ አንድ ቀን ብቻ። አንዲት የነቃችበት ጠዋት።

ጥቅምት 19

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ። እጇ በእጄ ውስጥ ነበር።

ጥቅምት 22

ልጃችን ግድግዳው ላይ የሚሰቀል ፎቶ ጠየቀችኝ። «የበረንዳውን ስጠኝ፣ አባዬ። አሳድጌ ላሠራው።»

ነገርኋት።

«አንተ? አንተ ተሳስተህ?»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ከደጅ የለቀስተኞቹ ድምፅ ይሰማል፤ እኔ ግን የባለቤቴን ፊት ለማስታወስ ስታገል የሚመጣብኝ ያ ማኅተም ብቻ ነው።

ኅዳር 3

ልጃችን ከቁም ሣጥኑ ሥር የቆርቆሮ ሣጥን አገኘች። የድሮ ኔጋቲቮች። «ምናልባት አንድ ቀን ሰው አንስቷት ይሆናል።» ወስጄ ሰጠሁ። ብዙዎቹ እርጥበት እርስ በርስ አጣብቋቸዋል። «ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ እሞክራለሁ» አለ ባለ ፎቶ ቤቱ። ከዚያ በላይ ቃል አልገባም።

ኅዳር 8

ከሁሉም የተረፉት አራት ናቸው። አትሞ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው።

«የሴት ፊት የለም፣ ጋሼ። ይቅርታ። በዚያ ላይ በአራቱም ላይ የአንሺው ጥላ ገብቷል፤ ፀሐይ ከጀርባ ስትሆን እንዲህ ነው። ከሥር ልቁረጠው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የባለቤቴ ጥላ። አንገቷን ደፍታ፣ ክርኖቿን ከጎኖቿ አጣብቃ፣ ሳጥኗን በደረቷ ይዛ። ብስክሌቱ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ልጃችን በእግሯ ስትቆም… ሁሉም ላይ ነበረች። «ጥላ ስህተት ነው» እያልሁ በየጊዜው በማስመሪያ ለክቼ ቆረጥኋት። «ተው መምህሩ፣ እኔም ልኑርበት» ብላኝ ነበር። አንድ ቀን፣ እየሳቀች። እኔ መቀሱን አላቆምሁም።

«ጋሼ? ልቁረጠው?»

ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ፤ እጁን ያዝሁት።

ኅዳር 9

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው ተሰቀለ። ቀጥ ብዬ ቆሜአለሁ፤ ጥላዋ ጫማዬ ድረስ ደርሷል። ልጃችን ፊቱ ቆማ አለቀሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ አብሬያት አለቀስሁ።

ካሜራው ውስጥ ያልተነካ ጥቅል አለ። ረፋድ ላይ ልጃችንን በረንዳው ላይ አስቀመጥኋት። ቀጥ በይ አላልኋትም። ፀሐይ ከጀርባዬ ነበረች። አንገቴን ደፋሁ።

«አባዬ፣ ወደ ጎን በል። ጥላህ ገባ እኮ።»

«ይግባ።»