ሁለት ምዕራፍ የቀረው መጽሐፍ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዘጠኝ ወር ሞላ፤ ሙት ዓመትህ ሊደርስ ሦስት ወር ቀረው። አርባህን አወጣን፣ ሰማንያህን አወጣን፣ ጎረቤቱ ሁሉ በርቺ አለኝ፣ እኔም በርትቻለሁ አልኩ። ውሸቴን ነው። ልቤ አላርፍ ብሎ ይኸው ዘጠኝ ወር ሙሉ ቁጭ ብድግ እላለሁ። ይህንንም የምጽፍልህ ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። አምስተኛ «ለ»ዎች ፊቴ አቀርቅረው ይጽፋሉ፤ እነዚያ ጮሌዎች አሁን ትንፍሽ አይሉም። ምን እንደሚጽፉ በኋላ እነግርሃለሁ። እኔ መጻፍ የነበረብኝ ለርዕሰ መምህራችን ነው፤ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ የጽሑፍ ማብራሪያ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። ወረቀት አወጣሁ፣ ቀኑን ጻፍኩ፣ «ጉዳዩ፦» አልኩና እጄ ሌላ ወረቀት ስቦ ወደ አንተ ሄደ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏን አላመማትም። የሽመና ጉድጓድህን አልደፈነችውም፤ ዶሮ እንዳይገባበት ጣውላ ከድናበታለች። አንተ ጢንዚዛ የምትላቸው ባጃጆች ዘንድሮ ብሰዋል፤ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ሴቻ ሽቅብ ሲያጓሩ ይውላሉ። ማንጎዋ እስክትጎብጥ አፈራች፤ እኛ ሳንቀምስ ጦጣዎቹ ጨረሷት። ማን ይጩህባቸው? ከአንተ በቀር የሚፈሩት ሰው አልነበረም።

ያለፈውን ክረምት ታስታውሰዋለህ? ትምህርት ቤቱ ለአምስተኛ ክፍል አንድ ዓይነት ልብ ወለድ አርባ ቅጂ ሊያስመጣ ቃል ገብቶ ምርጫውን ለእኔ ሰጠኝ። ከደስታ ብዛት መሬት አልበቃኝም። እስከዚያ ድረስ ልጆቼ ክፍል ውስጥ አብረው የሚያነቡት የመማሪያ መጽሐፉን ምንባብ ብቻ ነበር፤ እሱም ከሥሩ ላሉት ጥያቄዎች መልስ እንዲለቀምበት ነው። እኔ የፈለግሁት ደወል ሲደወል «ቆይ ቲቸር፣ ትንሽ ብቻ» የሚያሰኛቸውን ነበር። ከዚህም ከዚያም ሰባት መጻሕፍት ሰብስቤ መጣሁና በርጩማዬን ከምትሸምንበት ጥግ አስጠግቼ ማንበብ ጀመርኩ።

ይህን የሰሙ የሥራ ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። ፊደል ላልቆጠረ ሸማኔ ልብ ወለድ ታስመርጣለች አሉ። እነሱ ምን ያውቃሉ! ልጆቼ ቤታቸው በጋሞኛ ስቀው፣ በጋሞኛ ተኳርፈው የሚያድጉ ናቸው፤ አማርኛን የሚያገኙት ከትምህርት ቤትና ከገበያ ነው። አንተም ከዶርዜ ወርደህ ያገኘኸው ከገበያ ነው። ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ብታደርግም ነገሩ ከማንም ቀድሞ ይገባሃል። ስለዚህ ለእኔ ከአንተ የተሻለ ሚዛን አልነበረም። ያልገባህ ቃል ሲመጣ መወርወሪያህን አቁመህ ቀና ብለህ ታየኛለህ፤ ምን ማለት ነው ማለትህ ነው። በአንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ካቆምክ መጽሐፉ ለልጆቼ ከብዷል፣ ይቀመጣል። አንዱ ገና በመጀመሪያው ገጽ አምስት ጊዜ አስቆመህና «ይሄ ሰውዬ ማንን ፈርቶ ነው እንዲህ የሚያወራው?» ብለህ በሳቅ ገደልከኝ። ሌላም ደንብ ነበረን፤ እኔ ብቻዬን ቀድሜህ አላነብም፣ መጨረሻውን እኩል እንሰማለን።

ከሰባቱ ሁለቱ ቀሩ። አንደኛው ስለ አንድ ጨዋ ልጅ ነው። ይታዘዛል፣ እጁን ይታጠባል፣ ሽማግሌ ያሻግራል፣ በየምዕራፉ መጨረሻም ምክር አለው። እሱን ሳነብልህ አንድ ሁለት ጊዜ አቁመህ ቃል ጠየቅከኝ፣ ራስህን ነቀነቅክ፣ «ጥሩ ልጅ ነው» አልክ። ሁለተኛው የፈረሷ ነው። አንዲት የደጋ ልጅ ፈረሷ ከግጦሽ ትሰረቅባታለች፤ ልጅቱም ገበያ ለገበያ እየዞረች ትፈልጋታለች። እሱን ሳነብልህ ጭጭ አልክ። ቃል አልጠየቅክም፣ ራስህን አልነቀነቅክም፣ ቀና ብለህም አላየኸኝ። መወርወሪያህ ከግራ ቀኝ ከቀኝ ግራ ይመላለሳል። በቃ ሰለቸው አልኩ። አራት ቀን ታገስኩ፤ በአምስተኛው ቀን ሁለት ምዕራፍ ሲቀረው መጽሐፉን ክድን አድርጌ፣ ይበቃናል አባዬ፣ የጨዋውን ልጅ መርጫለሁ አልኩህ። አንተም «አንቺ ካልሽ» አልክና ሥራህን ቀጠልክ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔስ ያፈሰስኩትን ለመልቀም እንኳ ዘግይቻለሁ።

ነሐሴ ላይ ያ ሳል አልጋ ላይ ጣለህ። በሳምንቱ ትኩሳቱ በረታብህና እጄን ይዘህ «ፈረሱ ገባች?» አልከኝ። የምን ፈረስ፣ አባዬ? እኛ ፈረስ የለንም፣ አርፈህ ተኛ አልኩህ። ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። ትኩሳት ነው የሚያስቀባጥርህ ብዬ ግንባርህ ላይ እርጥብ ጨርቅ አደረግኩልህ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገርክም።

መጻሕፍቱ ታኅሣሥ ላይ መጡ፤ አዲስ፣ ሽታቸው ደስ የሚል። ልጆቹን በአንድ ለአምስት ቡድናቸው አስቀምጬ ጀመርን። በሁለተኛው ሳምንት ማዛጋት መጣ። በሦስተኛው ከኋላ ያሉት ጠጠር መወራወር ጀመሩ። እኔ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፣ እየተንጎራደድኩ አነባለሁ፣ ጨዋው ልጅ ግን ወይ ፍንክች! ልጆቹም ጥያቄ ስጠይቃቸው ምክሩን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ያነበንቡልኛል። አንድ ቀን ብርቱካን እጇን አወጣች። ብርቱካን ማለት ከጫኖ መጥታ አጎቷ ቤት እየኖረች የምትማር፣ እስከዚያ ቀን ከአፏ ቃል ሰምቼ የማላውቅ ልጅ ናት። «ቲቸር፣ ይሄ ልጅ አይሳሳትም እንዴ?» አለች። አይሳሳትም አልኳት። «እሺ» ብላ ቁጭ አለችና ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፉን ገልጣ በመስኮት ታያለች። ያንን ሁሉ ጊዜ ጠብቄ፣ ያገኘሁትን አንድ ዕድል በገዛ እጄ አበላሸሁት አልኩ። አንተንም ወቀስኩህ፤ ምን ቢሰማህ ነው ጥሩ ልጅ ነው ያልከኝ ብዬ።

ዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ከእማዬ ኋላ ቆምኩ። የለበሰችው ከመታመምህ በፊት የጨረስካትን የመጨረሻዋን ነጠላ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከቅዳሴው ይልቅ ጥለቱን ነበር የማየው። ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ቢጫው ተራቸውን ጠብቀው ሲሄዱ ቆይተው ድንገት አረንጓዴው ተዘሏል። ስንዝር ወረድ ብሎ ደግሞ ቀዩ ሁለቴ ገብቷል። ዓይኔን አላመንኩም። አንዲት ክር ብትስትህ የቀኑን ሥራ የምትፈታ ሰው! ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ ቤት እስክንደርስ አላስቻለኝም፤ ከበሩ ሳንርቅ እማዬን ያዝኳት።

እማዬ ሳቀች፣ አባዬ። «ያንን የፈረስ መጽሐፍ ስታነቢለት ያበላሸው ነው» አለችኝ። ፍታው ብትልህ፣ ተዪው፣ እዚህ ጋ ልጅቱ ወንዝ ስትሻገር ነው፣ እዚህ ጋ ሌባው ሲዋሻት ነው እያልክ በጣትህ ታሳያት ነበር አሉ። መጽሐፉን ከከደንኩት በኋላም ማታ ማታ እኔ በሌለሁበት ራት ስትበሉ ታሪኩን ከራስህ ትቀጥለው ነበር። «ፈረስ ቤቷን አትረሳም፤ አንድ ቀን ገመዷን በጥሳ ትገባለች» ትላት ነበር። ታዲያ ለምን አንብቢልኝ አላለኝም ብላት፣ ደክሟታል፣ ልጄን አላስቸግራትም አለ አለችኝ። እዚያው ከአጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ። ፈረሱ ገባች ያልከኝ ትዝ አለኝ።

ዝም አይነቅዝም ትል ነበር። የአንተ ዝምታ ግን ነቀዘብን፣ አባዬ! አንድ ቃል ብትናገር ምን ነበረበት? ቆይ፣ አንተን አልወቅስም። እኔው ነኝ ጥፋተኛዋ። ቃል ስትጠይቅ ብቻ የሰማኸኝ ይመስለኝ ነበር፤ እጅህን አይቼው አላውቅም።

በማግስቱ የፈረሷን መጽሐፍ ከሣጥን አወጣኋት። ያለችኝ አንዲት ቅጂ ናት፤ ሽፋኗ ተገንጥሏል። አርባውን አዲስ መጽሐፍ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩና ልጆቹን ጠረጴዛቸውን ገፍተው እንዲሰበሰቡ አደረግኩ። አንዱ አንድ ገጽ ያነባል፣ ለቀጣዩ ያሳልፋል። እኔም ሁለቱን ምዕራፍ ብቻዬን አላነብም ብዬ ማልኩ፤ እጄን ስንት ጊዜ ከመጽሐፏ ላይ እንዳነሣሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ደግሞም ፈራሁ፤ ፈረሷ ባትገባስ? አንተ ትገባለች ብለህ ሄደሃል፣ መጽሐፉ «የለም፣ ገደል ገባች» ቢልስ?

ርዕሰ መምህራችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ከወረዳ ሱፐርቪዥን ሊመጣ ነው። ትናንት በር ላይ ቆሞ ልጆቹን አንድ ላይ ተፋፍገው፣ ገሚሱም ቆመው ሲያያቸው ደነገጠ። ቢሮ አስጠርቶ፣ በዕቅድ የተያዘው መጽሐፍ ተቆልፎበት ይህ ሥርዓት አልበኝነት ምንድን ነው አለኝ። አባቴ ነው የመረጠው ብል ማን ይሰማኛል? በጽሑፍ ይቅረብ አለ። ማስጠንቀቂያ እንደሚከተል ገብቶኛል።

ዛሬ ጠዋት የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደረስን። የመጨረሻው ገጽ ለብርቱካን ደረሳት፤ እኔ አላመቻቸሁትም፣ ተራዋ ነው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። ፈረሷ ገመዷን በጥሳ፣ ወንዙን ተሻግራ፣ አንገቷን በአጥሩ ላይ አድርጋ ቆመች። እናትየዋም በሩን ከፈተችላት። ልጅቱ ግን ያን ሰዓት ሩቅ፣ ሦስተኛው ገበያ ላይ፣ ፈረሴን ያያችሁ እያለች ሰው ትጠይቃለች። መጽሐፉ እዚያ ላይ አለቀ።

ክፍሉ ተናወጠ! ገጽ ተቀዷል ያለ አለ፤ መጽሐፏን ገልብጠው አዩ። ብርቱካን እንባዋ ቁጣ ሆኖ ወረደ። «ቲቸር፣ ልጅቷ እኮ አታውቅም! ማን ይንገራት?» አለች። ሌላዋ ደብዳቤ እንጻፍላት አለች። ይኸው ነው የሚጽፉት፣ አባዬ። አርባ ስምንቱም ለዚያች ልጅ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ደወሉ ከተደወለ ቆየ፤ አንድም የተነሣ የለም። ብርቱካን መጀመሪያ ጨርሳ ወረቀቷን አመጣችልኝ፤ «ፈረስሽ ቤት ናት። አትልፊ። ነይ።» ይላል።

ለርዕሰ መምህሩ ማብራሪያ አልጽፍም። እነዚህን አርባ ስምንት ደብዳቤዎች ጠርዤ «ጉዳዩ፦» ካልኩበት ወረቀት ሥር አስገባለታለሁ። ቢገባው ይገባዋል፤ ባይገባው ማስጠንቀቂያውን ይስጠኝ፣ እቀበላለሁ።

አንተን ደግሞ እንዲህ ነው የማስታውስህ። ሐምሌ ሲመጣ ጣውላውን አነሣና ጉድጓድህ አጠገብ በርጩማዬን አደርጋለሁ፤ የሚቀጥለውን መጽሐፍ እማዬ ትሰማኛለች፣ እኔ ደግሞ እጇን አያለሁ። እስከ መጨረሻው ገጽ ሳላደርስ መጽሐፍ አልከድንም። ነጠላህንም ማንም እንዲያርመው አልፈቅድም።

ያን ቀን እጄን ይዘህ ለጠየቅከኝ መልሴ ዘገየ፤ ይቅር በለኝ። አዎ አባዬ፣ ገብታለች። አርፈህ ተኛ።

ልጅህ