እህተማርያምን ስላስጾሙልኝ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ይሄይስ፣
ስሙን በአክብሮት የማልጠራው ሆስፒታል የሪፈር ኮሚቴ ሰብሳቢ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና፣ ጉልበትዎም ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሳይዝል የሚያደርስዎ ይሁን እያልኩ፣ እኔ የግምጃ ቤት ከተማ ነዋሪዋ እመቤት ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ውለታዎ ሳይመሰገን እንዳይቀር ብዬ በአደባባይ ጽፌያለሁ።

፩. የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ እህተማርያም ዳገት መውጣት ሲያቅታትና የዓይኗ ቆብ ሲወድቅባት፣ ሐኪሞቻችሁ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩአት ካርዷ ላይ «ስንፍና» ብለው ስለገላገሉኝ አመሰግናለሁ። አዲስ አበባ ያሉት ስፔሻሊስት እንደ እናንተ ፈጣን አይደሉም፤ በእኔ ወገን ያለውን ዘመድ አንድ በአንድ ጠይቀው፣ ደሟን መርምረው፣ ከጡንቻዋ ናሙና ወስደው፣ የዘር ምርመራውን ውጭ አገር ልከው፣ በስምንት ወራቸው ማይቶኮንድሪያ የሚባለው፣ ምግብን ወደ ጉልበት የሚለውጠው የሰውነቷ ክፍል መታመሙን ደረሱበት። ምን ያለ ቀርፋፋ ሰው!

፪. በሽታው መዳኛ ባይኖረውም መያዣ አለው። ሐኪሟ ሆዷ ባዶ እንዳይውል፣ ትኩሳት ሲይዛት ቶሎ ግሉኮስ እንዲሰጣት፣ ልቧም በየዓመቱ እንዲታይ በአንድ ገጽ ጽፈው ሰጥተውኛል። የነፍስ አባታችን ቄስ ደርበው ወረቀቱን አንድ ጊዜ አንብበው ሁዳዴን እንድትገድፍ ፈቀዱላት። እናንተ ዘንድ ግን ትኩሳት ይዟት ሳመጣት፣ ወረቀቱ ሳይነበብ ፋይል ውስጥ ገባና ለደም ምርመራ በማግስቱ ምንም ሳትቀምስ ትምጣ ተባልኩ። እኔም ነጭ ጋውን አክብሬ እሺ አልኩ፤ ይህ የራሴ ጥፋት ነው፣ እስክሞት ይቆጨኛል። እስከ ስድስት ሰዓት ወረፋ ጠብቃ በራችሁ ላይ ተዝለፈለፈች፤ ሦስት ቀን ራሷን አላወቀችም። ቄስ ያስገደፏትን ልጅ መልሶ የሚያስጾም ሆስፒታል ስላለን ኮርተናል።

፫. አዲስ አበባ ያለው የልቧ ቀጠሮ ኅዳር ሃያ ነው። እርስዎ ግን በሽታዋ ታውቆ ሳለ የሪፈር ወረቀት ለማግኘት እንደ አዲስ ከጤና ጣቢያ እንድትጀምር አዘዙ፤ ጀምራ ጨርሳ ስትመጣ ደግሞ ሐሙስ ብቻ የሚቀመጠው ኮሚቴዎ ለሦስት ሐሙስ ሥልጠና ላይ ነበር። ጌታዬ፣ የለመንኩዎት ፊርማ ነው እንጂ ኩላሊትዎን አይደለም።

ስለ ሁሉም ምስጋናዬ ይድረስዎ እያልኩ፣ ደጅዎ ላይ ቆማ መቀመጫ ያላገኘችው፣ የእህተማርያም እናት፣
እመቤት

ማሳሰቢያ፦ በሽታው በእናት በኩል የወረደ ስለሆነ ሐኪሟ ታናሽ እህቷም ትታይ ብለዋል። የሰባት ዓመቷ ታናሽ ልጄ ሸጋ ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ቁጭ ብላ እንዳዝላት ለመነችኝ። ካርዷ ላይ የምትጽፉትን ስለማውቀው፣ እንዳትደክሙ ብዬ «ስንፍና» የሚለውን ቤቴ ጽፌ አመጣዋለሁ፤ እርስዎ ይፈርሙበት። እሱ ሐሙስን አይጠብቅም።