አበልጄ የተረጎመችልኝ

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

ዛሬ ከሥራ ኦፍ ነኝ። ልብስ አጠብኩ። ሽሮ አልቆ ነበር፣ ቴሌግራፍ ጎዳና፣ ሐበሻ ሱቅ ወጥቼ ገዛሁ። ፓርኪንግ ፍለጋ ከገበያው የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ።

ሲና ከትምህርት ቤት መጥታ ሳትበላ ተኛች። የኤስኤቲ፣ የኮሌጅ መግቢያው ፈተና፣ የልምምድ ውጤት መጥቷል። የሠራችውን አብዛኛውን አግኝታለች፤ ችግሩ፣ ግማሹን አልደረሰችበትም። ሰዓት አለቀባት። እንደ ሁልጊዜው።

"ማም፣ አይ ካንት ሪድ ዛት ፋስት" አለችኝ ትራሱ ውስጥ ሆና።

መዝሙር አንዴ ከሰማች በቃሏ የምትወጣው ልጅ ናት። አንድ ገጽ አንብቢ ስትባል ግን ላብ ያጠምቃታል። ስልኩን ተዪ፣ ስንፍና ነው፣ እያልኩ እዚህ ደረስን። ስንፍና ከሆነ ለምን ታለቅሳለች?

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 12

የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ሥራ ቦታ ደወለችልኝ። "ለርኒንግ ዲስኤቢሊቲ"፣ የመማር ችግር፣ ሊሆን ይችላል አለች፤ ተመርምራ ከተረጋገጠ ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጧታል። የት ነው የምትመረመረው ብዬ ሳልጠይቅ የእረፍት ሰዓቴ አለቀ። ኤርፖርት ውስጥ ሳንድዊች የሚገዛ ሰው አይታገስም፣ አውሮፕላኑ ጥሎት የሚሄደው በእኔ ምክንያት ይመስለዋል።

ለመሲ ደወልኩ። አበልጄ መሠረት፣ የሲና የክርስትና እናት። አላሜዳ ቤቷ ውስጥ ዴይኬር ከፍታ የሰው ሕፃናት ትጠብቃለች። እንግሊዝኛ ባልገባኝ ዘመን አፌ እሷ ነበረች... ሆስፒታል፣ ባንክ፣ ትምህርት ቤት።

አስተማሪዋ ያለችውን ሁሉ አስደገመችኝ። ከዚያ፣ "ትምህርት ቤቱን አትንኪው፣ ያጓትቱሻል። ፕሌዘንተን አንዲት ዶክተር አለች፣ ፕራይቬት ናት። እሷ ጋ ኮል አድርጊ" አለችኝ። እንዴት አወቀች? መሲ መቼም የማታውቀው የለም።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 20

ፕሌዘንተን ደወልኩ። ስድስት ሺህ ዶላር። ኢንሹራንስ አይቀበሉም። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

ለመሲ ስነግራት፣ "ግማሹን እኔ አግዝሻለሁ፣ አታስቢ" አለች። ቀኑን ሙሉ ዳይፐር ስትቀይር የምትውል ሴት! ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እንዲህ ያለች አበልጅ ለማን ተሰጠች?

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 27

ሳን ሆዜ አንድ ክሊኒክ አለ አሉኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አስተማሪ እያያቸው በርካሽ የሚመረምሩበት። ደወልኩ... ራሴ። ወረፋው እስከሚመጣው ዓመት ድረስ ነው። ሴትየዋ ግን ጥሩ ሰው ናት፣ ዝም ብላ አልዘጋችብኝም። "ትምህርት ቤቷን ጠይቀሻል?" አለችኝ። ልጄ ትመርመርልኝ ብዬ በጽሑፍ ከጠየቅኩ ጉዳዩን ሊያዩልኝ ይገባል፤ ከመረመሯት ደግሞ በነፃ ነው። ሁለቴ አስደገምኳት። በነፃ።

መሲ ይህን አታውቅም ማለት ነው። ስነግራት ደስ ይላታል።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 28

ደስ አላላትም። "ተይ ብሩክቲ፣ ፋይሏ ላይ ይቀራል። ገንዘቡን አሁኑኑ በስልክ ዜል ላድርግልሽ" አለች። ምን ነካት?

ለማንኛውም ደብዳቤውን ጻፍኩ። ሦስት መስመር። ስፔሊንጉን ስልኬ አረመልኝ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 10

ትምህርት ቤቱ ጠራኝ። መሲ "አብሬሽ ልሂድ፣ ላስተርጉምልሽ" ስትል ሰነበተች። ዴይኬሩን አታስዘጊ ብዬ ብቻዬን ሄድኩ። የትምህርት ቤቱ ሳይኮሎጂስት ሚስ ኦርቴጋ ትባላለች። ቀስ ብላ ነው የምታወራው፣ ሁሉም ገባኝ። እንመረምራታለን አለች። ልነሳ ስል፣

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ? አራተኛ ክፍል እያለች እንመርምራት ሲሉሽ እምቢ ብለሽ ነበር። አሁን ሐሳብሽን ምን አስለወጠሽ?"

እምቢ? እኔ?

"አላልኩም" አልኳት። ብለሻል አለች፣ በትህትና። ስብሰባ ላይ፣ ጓደኛሽ እያስተረጎመችልሽ።

መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ያን ቀን አስታወስኩ። የልጆች ወንበር ላይ ተቀምጠን ነበር፣ ጉልበታችን አገጫችን ሊነካ። አስተማሪዋ ብዙ አወራች። መሲም ብዙ መለሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ያን ሁሉ ወሬ ባጭሩ ቀጨችው፤ "ጎበዝ ናት፣ ግን ትሰንፋለች፣ ቤት አስነብቧት ነው የሚሉት። እዚህ ጋ ፈርሚ።"

ፈረምኩ። ስንወጣ ምሳ ጋበዝኳት።

እሑድ፣ ኦክቶበር 13

ሳን ሆዜ ክርስትና ተጠርተን ነበር። መሲ ሰው መሃል አገላብጣ ሳመችኝ። ሳምኳት። የሰው ድግስ ላይ ምን ልበላት? ምናልባት እሷም አልገባት ይሆናል... ሳስተባብልላት ዋልኩ።

ስንመለስ ለሲና፣ መመርመር የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ ማለት ጀመርኩ። ጆሮዋ ላይ የሰካችውን አውጥታ፣ "አይ ኖው፣ ማም። ኤርሚም ኤክስትራ ታይም አለው እኮ። ሲንስ ሲክስዝ ግሬድ" አለች።

ኤርምያስ የመሲ ልጅ ነው። ሲናን በአንድ ክፍል ይቀድማታል። "የኔስ፣ እግዜር ይመስገን፣ ጭንቅላቱ ይሠራል" የምትልለት ልጅ።

"ማን መረመረው?"

"ሰም ሌዲ ኢን ፕሌዘንተን።"

ስድስተኛ ክፍል እያለ፤ ያ ስብሰባ በተደረገ በዓመቱ መሆኑ ነው። ከአውራ ጎዳናው የምወጣበትን አልፌ ሄድኩ። ሲና "ማም!" እስክትለኝ አላወቅኩም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 19

አላሜዳ ሄድኩ። ቅዳሜ ስለሆነ ሕፃናት የሉም። መሲ የመጫወቻ ኩብ በሳሙና እያጠበች ነበር። ጠየቅኳት። ብትክደኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልካደችም።

"ዲስኤቢሊቲ አሉ። ስንኩል ያሏት መሰለኝ። ክርስትና ያነሳኋት ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ታርጋ ሲለጥፉ ዝም ልበል? ላንቺ ብነግርሽ ደግሞ ትሞቺ ነበር።"

"እሺ። ያኔ አላወቅሽም። ኤርምያስን ያስመረመርሽ ጊዜስ?"

ኩቡን ማጠብ ቀጠለች።

"ያኔ ገብቶሽ ነበር አይደል?"

"ገብቶኝ ነበር።"

"ታዲያ?"

"ምን ልበልሽ ብሩክቲ? እኔ ነኝ ያስቀረሁባት ልበልሽ? እንድትጠዪኝ?"

ይኸው ነው። እኔ እንዳልጠላት ብላ ልጄ ሰነፍ ስትባል ስታይ ኖረች። በየበዓሉ ግንባሯን እየሳመች "በርቺ፣ አንብቢ" ትላታለች። ስድስት ሺውን ልታግዘኝ የነበረውም ከትምህርት ቤቱ ልታርቀኝ ነው። እኔ ደግሞ ደግነት መስሎኝ አለቀስኩላት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይሉት ነበር፣ ተረት ይመስለኝ ነበር።

ውሃ ቀዳችልኝ። ሳልነካው ወጣሁ። 

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 22

ደምመላሽ ትራኩን ኔቫዳ አቁሞ ደወለ። ባሌን በወር የምናየው ለስንት ቀን ነው፣ በስልክ ነገርኩት። "አበልጅ ናት እኮ። በእግዜር ፊት ነው የተዛመዳችሁት። ብቻ ለልጅቷ እንዳትነግሪያት" አለ። እሱ ምን አለበት።

ግን እውነቱን ነው። ሲና መሲን ትወዳታለች። የክርስትና እናትም ከገበያ አትገዛም። አልነግራትም።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 4

ዛሬ መረመሯት። እንዴት ነበር? "ፋይን።" በቃ፣ ያገኘሁት መልስ ይህቺ ናት።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 23

የምርመራው ውጤት ስብሰባ ዛሬ ነበር፤ ሲናም አብራኝ ገባች። መሲ ማታ "ልምጣ?" ብላ ቴክስት አድርጋ ነበር። አልመለስኩላትም። ትምህርት ቤቱ በስልክ አስተርጓሚ ሰጠኝ። የማላውቀው ሰውዬ፣ ድምፁ የሰለቸው። አንድ ቃል አልዘለለም።

ዲስሌክሲያ ነው። ፊደሉን ማንበብ ላይ እንጂ ማሰብ ላይ አይደለም። ማሰቡ ላይማ ከእኩዮቿ በላይ ናት። ክፍል ውስጥ ተጨማሪ ሰዓት ተፈቀደላት፤ ለኤስኤቲውም ትምህርት ቤቱ ራሱ ይጠይቅላታል። ምንም አልከፈልኩም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ሚስ ኦርቴጋ ወረቀቷን እየሰበሰበች፣ አራተኛ ክፍል ላይ እሺ ቢባል ኖሮ ዛሬ ንባቡ እንዲህ ባልከበዳት አለች። ክፋት የለባትም፣ እንዲሁ አዝና ነው። ሰውዬው ተረጎመልኝ። ሲና አስተርጓሚ አያስፈልጋትም፣ ቀድማኝ ሰምታለች።

ቦርሳዋን ይዛ ቀድማኝ ወደ መኪናው ሄደች። በር ከዘጋን በኋላ በአማርኛ ጠየቀችኝ። እኔ በአማርኛ ሳወራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ፣ ዛሬ ግን በአማርኛ።

"እማ፣ ለምን እምቢ አልሽ?"

አልነግራትም ያልኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። እኔ አይደለሁም፣ አንቲ መሲ ናት፣ የተባለውን አልነገረችኝም፣ ዋሸችኝ፣ ለልጇ ግን... ሁሉንም። እስክጨርስ አዳመጠችኝ። በመሲ ትናደዳለች ብዬ ጠበቅኩ። እንድትናደድ ፈልጌም ነበር፣ አብራኝ እንድትናደድ።

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"ግን አንቺ እዚያ ነበርሽ" አለች።

ነበርኩ።