ሁለተኛው ክኒን

ጅማ፣ ኅዳር 6 ቀን 1962 ዓ.ም.

ንዴቴ አልበርድ ብሎኛል። ልጄ ዘሃራ አስም አለባት። አባቷ ሸሪፍ የሚያምነው፣ ከማስተማሩ ጎን መድኃኒት የሚሰጥ ህንዳዊ መምህር ባለፈው ወር ስኳር ስኳር የሚል አንድ ደቃቃ ክኒን ሰጥቷት ትንሽ ተሽሏት ነበር። ዛሬ ጠዋት ደረቷ እንደገና ሲያፏጭ ጅሬን ኮረብታ ሥር ወዳለው ቤቱ ሮጥን። ሌላ ክኒን እንዲሰጣት ብለምነው፣

"የመጀመሪያው ገና እየሠራ ነው። መባሱ የመዳን ምልክት ነው፤ ይጠብቁ" አለኝ።

"ከንፈሯ እየጠቆረ ምኑን ነው የምጠብቀው?" ብዬ ጮህኩበት።

ሸሪፍ ደግሞ "ማሎ፣ እባክሽ፣ መምህሩን አክብሪ እንጂ!" ይለኛል። ልጄን አዝዬ ሆስፒታል ወሰድኳት። መርፌ ወጓት፤ ትንፋሿ ተመለሰ፣ አልሐምዱሊላህ።

ከሰዓት በኋላ መምህሩ ቤታችን ሊጠይቃት መጣ። ተኝታ በሰላም ስትተነፍስ ሲያይ፣ "አላልኩዎትም? መድኃኒቴ ሠራ!" አይልም! ስለ መርፌው ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። መርፌው ያበላሸውን ያስተካክላል ብሎ አሁን ገና ሁለተኛውን ክኒን አወጣ። ሸሪፍ "አላህ ይስጥልን" እያለ በሁለት እጁ ተቀበለው። እኔ ነጥቄ ጓሮ ወረወርኩት።

መምህሩ ሲወጣ ሸሪፍ፣ "ደግሞ ብትታመም በአንቺ ነው" አለኝ።

ይሁን። በእኔ ይሁን።